ምንም ያልተደረደረበት ፓቪልዮን

ወደ ዓለም ኤክስፖ የሚሄድ አገር ሁሉ አንድ ከባድ የቤት ሥራ አለበት። ለጥቂት ወራት ብሎ ፓቪልዮን የሚባል ህንፃ ይሠራል፤ በዚያ ህንፃም «እኔ ማለት ይህ ነኝ» ማለት ይጠበቅበታል። አብዛኞቹ መልሱን በዕቃ ይሰጣሉ። ትልልቅ ስክሪኖች፣ ሞዴሎች፣ የአገር ልብስ የለበሱ አስተናጋጆች፣ መውጫው ላይ የማስታወሻ ዕቃ መሸጫ። ህንፃው የዚህ ሁሉ መያዣ ሆኖ ይቀራል። ከዓመታት በኋላ ማንም አያስታውሰውም።

ከአእምሮዬ አልወጣ ያለኝ ፓቪልዮን ግን ዋናው ክፍሉ ውስጥ ምንም የለም። ሊዝበን ያለው የፖርቱጋል ፓቪልዮን ነው፣ የፖርቱጋላዊው አርክቴክት የአልቫሮ ሲዛ ሥራ። ደግሞም ያ ዋና ክፍል የምለው ክፍል እንኳን አይደለም። አደባባይ ነው፣ ጣሪያ ያለው አደባባይ።

ሙያዬ የስትራክቸር ስሌት ነው። ቀኑን ሙሉ ከቢም (አግድም ተሸካሚ)፣ ከኮለን (ምሰሶ) እና ከሶሌታ (የወለል ኮንክሪት) ውፍረት ጋር ነው የምውለው። ስለዚህ ስለ ህንፃው ውበት አርክቴክቶች እንደሚጽፉት አልጽፍም። እኔን የያዘኝ ያ ጣሪያ እንዴት እንደቆመ ነው። ቆይቼ ሳስበው ግን ውበቱም ያው እሱ ነው።

መጀመሪያ ስለ ቦታው ትንሽ ልበል (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ፓቪልዮኑ የተሠራለት የሊዝበን ኤክስፖ በ1998 ከሜይ 22 እስከ ሴፕቴምበር 30 የተካሄደ ነው። መሪ ሐሳቡ ውቅያኖሶች ነበሩ። ቫስኮ ዳ ጋማ በባሕር ህንድ ከደረሰ 500 ዓመት የሞላበት ጊዜ ነበር። የተመረጠው ቦታ በከተማዋ ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ ታጉስ ወንዝ አጠገብ ያለ፣ የነዳጅ ማጣሪያና ቄራ የነበረበት የተጎዳ መሬት ነው። ፖርቱጋሎች ኤክስፖውን ሰበብ አድርገው አዲስ ሰፈር ሠሩበት። አሁን ሰፈሩ የብሔሮች ፓርክ ይባላል።

የአስተናጋጅ አገር ፓቪልዮን የእንግዳ መቀበያም ነው። በየቀኑ አንዱ አገር ብሔራዊ ቀኑን ያከብራል። ባለሥልጣን ይመጣል፣ ባንዲራ ይሰቀላል፣ ሰልፍ አለ። ስለዚህ ሲዛ ሁለት ነገር እንዲሠራ ተጠየቀ። አንድ የኤግዚቢሽን ህንፃ፣ ከጎኑ ደግሞ ለሥነ ሥርዓት የሚሆን ትልቅ ጥላ ያለው ሜዳ።

ሲዛ በ1933 ፖርቶ አጠገብ ማቶዚንሆሽ በምትባል የወደብ ከተማ የተወለደ ሰው ነው። በ1992 የአርክቴክቶች ታላቅ ሽልማት የሆነውን ፕሪትዝከርን አግኝቷል። የሊዝበን መሐል የሆነው የሺያዶ ሰፈር በ1988 ሲቃጠል መልሶ ግንባታውን የመራው እሱ ነው። ለዓለም ትርዒት አገሩን ወክሎ የሚጮህ ነገር ይሠራል ተብሎ የሚጠበቅ ዓይነት ሰው አይደለም። ሥራዎቹ ዝቅ ያሉና ነጫጭ ናቸው፣ ቀስ ብለው ነው የሚገቡህ።

አሁን ወደ ጣሪያው።

በአደባባዩ ሁለት ጫፍ ሁለት ትልልቅ ፖርቲኮዎች (በድጋፎች የቆሙ ክፍት በረንዳዎች) ቆመዋል። በመካከላቸው አንድ የኮንክሪት ሉህ ተንጠልጥሏል። ርዝመቱ ወደ 65 ሜትር፣ ስፋቱ ወደ 50 ሜትር ነው። መሐል ላይ አንድ ኮለን የለም። ከሥሩ ቀና ብላችሁ ስታዩ ቢም የለም፣ ለስለስ ያለ አንድ ወጥ ገጽ ብቻ ነው፣ ወደ መሐል እየረገበ ወርዶ መልሶ የሚወጣ። ውፍረቱ 20 ሴንቲሜትር ነው።

እዚህ ቁጥር ላይ እንድትቆሙልኝ እፈልጋለሁ። 20 ሴንቲሜትር ማለት እኮ በማንኛውም አፓርትመንት ውስጥ ከእግራችሁ ሥር ያለው ሶሌታ ውፍረት ነው። እሱ ሶሌታ አምስት ወይም ስድስት ሜትር ሄዶ ቢም ወይም ግድግዳ ላይ ያርፋል። ከዚያ በላይ ሂድ ስትለው ይረግባል፣ ይሰነጠቃል፣ ወይም ማወፈር ግድ ይሆናል። እዚህ ያው ውፍረት ከአሥር እጥፍ በላይ ርቀት ይሄዳል። ለመጀመሪያ ጊዜ ሥዕሉን ሳይ ዐይኔ ወዲያው የተደበቀ ቢም ፍለጋ ነው የሄደው። የሙያ ነገር ነው። የተደበቀ ቢም ግን የለም።

ነገሩ የሚገባው ሶሌታ መሆኑን ስንተው ነው። የልብስ ማስጫ ገመድ አስቡ። ሁለት ጫፉን አስራችሁ ስትለቁት በራሱ ክብደት የሚይዘው ቅርጽ አለ። በዚያ ቅርጽ ውስጥ መታጠፍ የሚባል ነገር የለም። ያለው መሳብ ብቻ ነው። ሲዛ የፈለገው ቅርጽ ይኸው ነው። መዋቅሩን አብሮት የሠራው፣ አሩፕ የሚባለው የኢንጂነሪንግ ድርጅት ኢንጂነር ሴሲል ባልመንድ ደግሞ ቅርጹን እንዲቆም አደረገው። በኮንክሪቱ ውስጥ ከአንዱ ፖርቲኮ ወደ ሌላው የብረት ኬብሎች ተዘርግተዋል። ሸክሙን የተሸከሙት እነሱ ናቸው።

ኮንክሪት ሲጫኑት ጎበዝ ነው፤ ሲስቡት ግን ይሰነጠቃል። ብረት ሲስቡት ነው የሚወደው። ታዲያ የሚስበውን ሥራ ኬብሉ ከወሰደው ኮንክሪቱ ምን ይሠራል?

ይከብዳል። አዎ፣ ሥራው መክበድ ነው።

ይህን ስረዳ በጣም ነው ደስ ያለኝ። ስንማርም ስንሠራም ክብደት ጠላት ነው። ቀንስ፣ አቅልል ነው የሚባለው። ወንዝ ዳር ላይ የተንጠለጠለ ቀላል ጣሪያ ግን ሌላ ችግር አለበት። ነፋሱ ከሥር ገብቶ ያነሳዋል፣ ያራግበዋል። ሸራ ወይም ስስ ቆርቆሮ ቢሆን ኖሮ ወደ ታች የሚያስረው ሌላ ኬብል ይፈልግ ነበር፤ ያ ሲመጣ ደግሞ ያ ንጹሕ ቅርጽ ይበላሻል። በግርድፉ ሳሰላው ይህ ሉህ ወደ 1500 ቶን ይጠጋል። ይህን የሚያነሳ ነፋስ የለም። ክብደቱ ራሱ ጣሪያውን ጸጥ አድርጎ ያስቀምጠዋል።

ዋጋው የሚከፈለው ጫፎቹ ላይ ነው። የተንጠለጠለ ነገር ሁሉ የያዙትን ወደ መሐል ይስባል። ርግበቱ ባነሰ ቁጥር ስበቱ ይበረታል፣ እዚህ ደግሞ ርግበቱ ትንሽ ነው። ስለዚህ በሁለቱም ጎን ያሉት ፖርቲኮዎች ቀጫጭን ኮለኖች ሊሆኑ አይችሉም። በእያንዳንዱ ፖርቲኮ ዘጠኝ ወፋፍራም ድጋፎች ተደርድረው ያንን ስበት ተቀብለው ወደ መሠረት ያወርዱታል። ፎቶ ላይ ሉሁን እንጂ እነሱን ማንም አያይም። እኔ ሄጄ አጠገባቸው ቆሜ በእጄ ነካኋቸው። ሥራው ያለው እዚያ ነውና።

ከሁሉም በላይ የምወደው ዝርዝር ግን ሌላ ነው። ኮንክሪቱ ፖርቲኮው ጋ አይደርስም። ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው ቀጥ ብሎ ይቆማል። ከዚያ በኋላ የሚሄዱት ኬብሎቹ ብቻ ናቸው፣ ራቁታቸውን፣ ጎን ለጎን ተደርድረው። በመካከላቸው ሰማይ ይታያል። ፀሐይ በዚያ ክፍተት ገብታ ግድግዳው ላይ የኬብሎቹን ጥላ ቀጭን ቀጭን መስመር አድርጋ ትጥላለች። ግድግዳው በሴራሚክ ታይል የተለበጠ ነው፤ አንዱ ጎን ወደ ቀይ፣ ሌላው ወደ አረንጓዴ ይሄዳል። ሁለቱም የፖርቱጋል ባንዲራ ቀለሞች ናቸው። በጣሪያው ሥር ለሚያልፍ ሰው ግን ባንዲራ ነው ብሎ የሚጮህበት የለም። ታይልም ያን አገር የሚያውቅ ሰው እንደሚመሰክረው የፖርቱጋል ግድግዳ ልብስ ነው።

ክፍተቱን መድፈን ይቻል ነበር። ኮንክሪቱን እስከ ግድግዳው መሙላት ነው፣ አለቀ። ያኔ ግን ሉሁ እንደማንኛውም ጣሪያ ግድግዳ ላይ ያረፈ ይመስል ነበር፤ ኬብል መኖሩንም ከኢንጂነሮቹ በቀር ማንም አያውቅም። ሲዛ ቀደደው። በመቅደዱ ማንኛውም አላፊ አግዳሚ፣ ሕፃን ልጅም ጭምር፣ ያ ሁሉ ክብደት በምን እንደተያዘ በዐይኑ ያያል። ስሌት የማያውቅ ሰው ስሌቱን ያነባል። በሥራዬ ከማያቸው ነገሮች ሁሉ እንዲህ ያለ ቅንነት የምቀናበት የለም። እኛ ብዙ ጊዜ የሚሸከመውን ነገር በጂፕሰም ስንሸፍን ነው የምንውለው።

ከጎን ያለው የኤግዚቢሽን ህንፃ ዝቅ ያለ፣ መሐሉ ላይ ግቢ ያለው ጨዋ ህንፃ ነው። የውስጥ ሥራው ላይ ሌላው ፖርቱጋላዊ አርክቴክት ኤድዋርዶ ሶቶ ደ ሞራ ተሳትፏል፣ እሱም በ2011 ፕሪትዝከር ያገኘ። ስለ ህንፃው ብዙ አልልም። አንድ ነገር ግን አለ። ጣሪያውና ህንፃው እርስ በርስ አልተሳሰሩም፣ ለየብቻቸው ነው የቆሙት። ሊዝበን በ1755 በመሬት መንቀጥቀጥ የወደመች ከተማ ናት። መሬቱ ሲነቃነቅ ከባድ ሉህና ባለ ፎቅ ህንፃ በአንድ ምት አይወዛወዙም። ታስረው ቢሆን አንዱ ሌላውን ይሰብረው ነበር።

ሲዛ ሲነድፍ ሌላም ችግር ነበረበት። ከኤክስፖው በኋላ ህንፃው እንደማይፈርስ ያውቃል፤ ለምን እንደሚውል ግን አልተነገረውም። እውነትም ከኤክስፖው በኋላ ህንፃው ለብዙ ዓመት ይህ ነው የሚባል ቋሚ ሥራ ሳይኖረው ቆየ። በ2010 በቅርስነት ተመዘገበ፣ በ2015 ለሊዝበን ዩኒቨርሲቲ ተላለፈ። ልብ በሉ፣ በዚያ ሁሉ ጊዜ ከጎኑ ያለው አደባባይ አንድም ቀን ሥራ አልፈታም። የሰው ጥላ ነው፣ የዝናብ መጠለያ ነው፣ የኮንሰርትና የገበያ ቦታ ነው። እኔ በሄድኩበት ከሰዓት በኋላ ልጆች ስኬትቦርድ ይነዱበት ነበር። የጎማው ድምፅ ሉሁ ላይ እየነጠረ ይመለሳል። የአንድን ፓቪልዮን ዕድሜ የሚወስነው ውስጡ ያለው ዕቃ ቢሆን ኖሮ ይህ ቦታ በ1998 መገባደጃ አብቅቶለት ነበር።

ሐሳቡ በሲዛ የተጀመረ አይደለም። በ1929 በባርሴሎና ኤክስፖ ላይ ጀርመናውያኑ ሚስ ቫን ደር ሮኸ እና ሊሊ ራይሽ የሠሩት የጀርመን ፓቪልዮንም ውስጡ ኤግዚቢሽን አልነበረውም። እብነ በረድ፣ መስታወት፣ ውሃ፣ ስምንት የሚያብረቀርቁ ኮለኖች፣ አንድ ሐውልትና ጥቂት ወንበር ብቻ። የስፔን ንጉሥ አቀባበል ተደረገበት። በ1930 አፈረሱት። ሰው ግን ሊረሳው አልቻለም፤ በ1986 እዚያው ቦታ ላይ እንደ ነበረው መልሰው ሠሩት። ውስጡ የተሞላ ፓቪልዮን ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ ናፍቆት ተመልሶ ሲሠራ ብዙም አላየሁም። ራሱ ሲዛም ከሶቶ ደ ሞራ ጋር ለሃኖቨር ኤክስፖ 2000 ሌላ የፖርቱጋል ፓቪልዮን ሠርቷል፣ ግድግዳው በቡሽ የተለበጠ። እሱ ተነቅሎ ኮይምብራ ከተማ ውስጥ ተተክሏል። ቆንጆ ነው፤ ለእኔ ግን የሊዝበኑን አይተካም።

ሊዝበን የምትሄዱ ከሆነ በሜትሮ ኦሪየንቴ ጣቢያ ውረዱ። ጣቢያው የአርክቴክቱ የሳንቲያጎ ካላትራቫ ሥራ ነው፣ እሱንም ለኤክስፖው ነው የሠሩት፤ ጣሪያው የተደረደሩ ዛፎች ይመስላል። ብዙ ሰው እዚያ ፎቶ ሲያነሳ ይቆይና ቀጥታ ወደ ውሃ እንስሳት ማሳያው ያልፋል። እናንተ በመሐል ጎራ በሉ። ፀሐይ ያለበት ሰዓት ምረጡ። አደባባዩ መሐል ቆማችሁ ቀና ማለታችሁ አይቀርም፣ ቀና በሉ። ከዚያ ግን ወደ አንዱ ጫፍ ሂዱና ክፍተቱ ሥር ቁሙ፤ ኮንክሪቱ የተቆረጠበት ጠርዝ ላይ 20 ሴንቲሜትሩን በዐይናችሁ ለኩት። አርክቴክቸር ወይም ሲቪል የምትማሩ ካላችሁ ደብተር ያዙ። የፖርቲኮውን ድጋፎች ውፍረትና የሉሁን ውፍረት አንድ ገጽ ላይ በአንድ ሚዛን ሣሉ፤ ስበቱ ወዴት እንደሚሄድ በቀስት አመልክቱ። እኔ የሣልኩትን በሚቀጥለው ጽሑፍ አያይዤ እለጥፋለሁ፣ ከስሌቱ ጋር።