ጥቁሯን ካምሪዬን በስፕሬይ ዋክስ የያዝኩበት መንገድ

ጥቁር መኪና ምንም አይደብቅም። አቧራው ይታያል፣ የውሃ ጠብታው ይታያል፣ ጭረቱም ይታያል። ይህ የገባኝ ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። ሰሜን ቨርጂኒያ ውስጥ ያገለገለች ጥቁር ቶዮታ ካምሪ ገዝቼ የኡበር ሥራ ጀመርኩ። መኪናዋ እንጀራዬ ነበረች። ተሳፋሪ በር ከመክፈቱ በፊት የሚያየው ውጪዋን ነው። ስለዚህ ሁልጊዜ እንድታብረቀርቅ ፈለግሁ።

የመጀመሪያውን የስፕሬይ ዋክስ ጠርሙስ የገዛሁት በዚያ ሰሞን ነው፤ መኪና እንዲያብረቀርቅ ተረጭቶ የሚወለወል ፈሳሽ ሰም በሉት። ጠርሙሱ ላይ የምታንጸባርቅ ቀይ መኪና ተስላለች። ከዚያ ሌላ ምንም አላነበብኩም። ደለስ ኤርፖርት ተራ ስጠብቅ ጊዜ አለኝ። ኮፈኑ ላይ ስስ አቧራ አለ። ፊጭ ፊጭ አደረግሁና በአሮጌ ካናቴራ ወለወልኩት። ወዲያው መስታወት መሰለች። ደስ አለኝ። ከዚያ በኋላ በሳምንት 2 ጊዜ፣ አንዳንዴም 3 ጊዜ እንዲሁ አደርግ ነበር። 2 ወር ያህል ቀጠልኩበት።

አንድ ቀን ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ስትል፣ አጠገቤ የቆሙ አንድ አንጋፋ የታክሲ ሹፌር ጠሩኝ። በዚያ አካባቢ ከ20 ዓመት በላይ የነዱ ናቸው። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። «ና እስቲ፣ እዚህ ጋ ቆመህ እያት» አሉኝ። የስልካቸውን መብራት ኮፈኑ ላይ አበሩት። በብርሃኑ ዙሪያ የሸረሪት ድር የመሰለ ጭረት ሞልቷል። ቀጭን ነው፣ ግን ቁጥር የለውም። «ማነው እንዲህ ያደረጋት?» አሉኝ።

እኔ ነኝ። በገዛ እጄ።

የመኪና ቀለም ከላይ ክሊር ኮት የሚባል ሽፋን አለው። ቀለም የሌለው ቫርኒሽ በሉት። ውፍረቱ በአብዛኛው ከ40 እስከ 50 ማይክሮን ነው። ተራ የማተሚያ ወረቀት 100 ማይክሮን ገደማ ነው። እንግዲህ ቀለሙን ከፀሐይና ከዝናብ የሚጠብቀው ነገር የአንድ ወረቀት ግማሽ አይበልጥም ማለት ነው። አቧራ የምንለው ውስጥ ደግሞ ደቃቅ አሸዋ አለ። አሸዋ ከክሊር ኮት ይጠነክራል። ጨርቅ ሲገፋው ይቧጭራል። ዋክሱ በመጠኑ ያለሰልስ ይሆናል እንጂ አሸዋውን አያጠፋውም። የባሰው ነገር ግን ሌላ ነው። ስፕሬይ ዋክስ ቀጫጭን ጭረቶችን ሞልቶ ለጥቂት ቀን ይሸፍናቸዋል። እኔ እየጫርኩ፣ እሱ እየሸፈነልኝ፣ 2 ወር ሙሉ ሳላውቀው ቆየሁ።

ጭረቱን ለማስለቀቅ መኪናዋን በማሽን ፖሊሽ ማስደረግ ነበረብኝ። አብዛኛው ለቀቀ፣ ጥልቅ ጥልቁ ግን እስከ ዛሬ አለ። ፖሊሽ የሚያስተካክለው ከዚያው ከክሊር ኮት ላይ በስሱ እየላገ ነው። ያንን የወረቀት ግማሽ አስቡት። ደጋግሞ የሚላግ ነገር የለውም።

ከዚያ በኋላ ነው ምን እንደምቀባት ማጥናት የጀመርኩት። ለእናቴ በስልክ ስነግራት «ሰም ነው የምትቀባት? የጧፍ ሰም?» አለችኝ። ጥያቄዋ ጥሩ ጥያቄ ነው። የንብ ሰም 62 ወይም 64 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል። ሐምሌ ላይ ቨርጂኒያ ፀሐይ ላይ የዋለ ጥቁር ኮፈን ደግሞ እጅ አያስነካም። በመኪና ዋክስ ስሙ የሚነሳው ሰም ካርናውባ ነው። ሰሜን ምሥራቅ ብራዚል ከሚበቅል የዘንባባ ዓይነት ቅጠል የሚገኝ ሲሆን፣ የሚቀልጠው ከ80 ዲግሪ በላይ ነው። ብቻውን እንደ ድንጋይ ደረቅ ስለሆነ ከሌላ ነገር ጋር ይቀላቀላል። የሚረጨው ጠርሙስ ውስጥ ያለው አብዛኛው ውሃ ነው። ካርናውባው ጥቂት ነው፣ አንዳንዱ ላይ ደግሞ ለስሙ ያህል ነው።

ካርናውባ ያለበት ስፕሬይ ጥቁር መኪና ላይ ሞቅ ያለ፣ ጥልቀት ያለው ውበት ይሰጣል። ይህን አልክድም። ግን ቶሎ ይሄዳል። በየቀኑ ለሚሠራ መኪና ጥቂት ሳምንት ቢቆይ ነው። ሰው ሠራሽ ፖሊመር ያለበት ትንሽ ይሻላል። አሁን በየመደብሩ ሴራሚክ ተብሎ የሚሸጠው ስፕሬይ ደግሞ ሲሊካ ያለበት ነው፤ በደንብ ከተቀባ ወራት ይቆያል። ሴራሚክ የሚለው ስም ግን ሰውን ያሳስታል። ባለሙያ በጠብታ እየቀባ የሚያደርቀው ውዱ ሽፋን (ኮቲንግ) ሌላ ነገር ነው። የሚረጨው በጣም ስስ ነው። ጭረት አይከላከልም። የትኛውም ዋክስ ጭረት አይከላከልም፣ ሻጩ ምንም ቢል።

እኔ ለሁለት ከፈልኩት። እዚህ የበረዶው ክረምት ከመግባቱ በፊትና በሰኔ ላይ ሴራሚክ ስፕሬይ እቀባለሁ። ብዙ የተጠቀምኩት ተርትል ዋክስ የሚባለውን ኩባንያ ምርት ነው። በመሃል በየ3 ሳምንቱ ከታጠበች በኋላ ቀለል ያለ ስፕሬይ ዋክስ እደርብበታለሁ። ለዚያ ሜጓየርስ የሚባለው ኩባንያ ምርት ይመቸኛል፣ በቀላሉ ይጠረጋል። ከ10 እስከ 20 ዶላር ያለው ጠርሙስ ለሥራው በቂ ነው። ከዚያ በላይ ያወጣሁበት ጊዜ ነበር፤ ልዩነቱን አሸተትኩት እንጂ መኪናዋ ላይ አላየሁትም።

ገንዘብ የሚገባው ጨርቁ ላይ ነው። ካናቴራና ፎጣ አያስፈልግም። ማይክሮፋይበር የሚባለው፣ በጣም ከቀጠነ ሰው ሠራሽ ክር የተሠራ ለስላሳ ጨርቅ መሆን አለበት። ለዋክስ መጥረጊያ በስኩዌር ሜትር 350 ግራም አካባቢ የሚመዝነው ይበቃል፣ ለማድረቂያ ግን ከ500 በላይ የሆነ ወፍራም ያስፈልጋል። ጠርዙ ላይ የተሰፋችውን ትንሽ ወረቀት መሰል ምልክት ቀድሜ እቆርጣታለሁ፣ እሷም ትጭራለች። ሲታጠብ ማለስለሻ አይገባበትም፣ በኃይለኛ ሙቀትም አይደርቅም። መሬት የወደቀ ጨርቅ ደግሞ ወደ ቀለም አይመለስም። ያ ከዚያ በኋላ የጎማ መጥረጊያ ነው።

እኔ የምኖረው አፓርትመንት ነው። ቱቦ የለኝም። ብሩሽ ያለው የማሽን ማጠቢያ ደግሞ ያው አሸዋ ነው፣ ከእኔ በፊት የገባው መኪና ጭቃ ብሩሹ ላይ አለ። ስለዚህ የማጥበው በሁለት ደረጃ ነው። መጀመሪያ ሳንቲም እየተጨመረ ራስ የሚታጠብበት ቦታ እወስዳትና ብሩሹን ሳልነካ በግፊት ውሃ ብቻ ጭቃዋን አወርዳለሁ። ከዚያ ጥላ ፈልጌ በአንድ ባልዲ እጨርሳታለሁ። ኦፕቲመም ኖ ሪንስ የሚባል ፈሳሽ አለ፤ 7.5 ሊትር ውሃ ውስጥ 30 ሚሊ ሊትር ይበቃዋል። ካጠቡበት በኋላ በውሃ ማለቅለቅ አያስፈልግም። 6 ወይም 7 ጨርቅ ባልዲው ውስጥ እዘፈዝፋለሁ። አንዱን አውጥቼ ለ4 አጥፈዋለሁ። እየገለበጥኩና እያዟዟርኩ ስጠቀም 8 ንጹሕ ገጽ ይሰጠኛል። ከጣሪያ ወደ ታች ነው የምወርደው። የቆሸሸው ጨርቅ ባልዲው ውስጥ ተመልሶ አይገባም። ዋናው ነገር ይህ ነው።

በዓመት አንዴ ደግሞ ሌላ ሥራ አለ። ከታጠበችና ከደረቀች በኋላ እጄን ስስ የፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ አስገብቼ ቀለሙን እዳብሳለሁ። በባዶ እጅ ለስላሳ የመሰለው በከረጢቱ ሲነካ እንደ ደቃቅ አሸዋ ይሻክራል። የፍሬን ብናኝ፣ የዛፍ ሙጫ፣ የፋብሪካ ጥቀርሻ ነው። ይህን ሳሙና አያነሳውም። ክሌይ የሚባለውን ሊጥ የመሰለ ነገር በደንብ አርጥቤ፣ ሳልጫነው አንሸራትትበታለሁ። ዋክስ በዚያ ቆሻሻ ላይ ቢቀባ የሚይዘው ቆሻሻውን ነው።

አሁን ወደ መርጨቱ። ለዚህ ክፍል ብዙ ሰው ይቸኩላል፣ ግን አጭሩ እሱ ነው። መኪናዋ ጥላ ውስጥ፣ ኮፈኑ በእጅ ሲነካ ቀዝቃዛ መሆን አለበት። ጠርሙሱን እነቀንቀዋለሁ። የምረጨው ጨርቁ ላይ ነው፣ ለአንድ በር 2 ወይም 3 ጊዜ። በዚያ ጨርቅ እቀባለሁ፣ ወዲያው በሌላ ደረቅ ጨርቅ አነሳዋለሁ። ከዚያ ወደ ቀጣዩ። መኪናዋን በሙሉ ረጭቼ በኋላ ልጥረግ ማለት አይሠራም።

አንድ ነሐሴ ላይ ቸኩዬ ፀሐይ ላይ ቀባኋት። ሴራሚኩ ሳልደርስበት ደረቀ። ኮፈኑ ላይ ደመና የመሰለ ዝንጉርጉር ቀረ። በማግስቱ በዚያው ስፕሬይ አርጥቤ፣ ጥላ ውስጥ እየጠረግሁ ነው ያስለቀቅሁት። ሌላ ጊዜ ደግሞ በነፋስ ስረጭ የፊት መስታወቱ ላይ አረፈ። ቀን ምንም አይታይም። ማታ ዝናብ ሲጥል ግን የመጥረጊያው ጎማ እየተንቀጠቀጠ፣ የፊት ለፊቱ መብራት እየተበተነ፣ ተሳፋሪ ይዤ በጣም ፈራሁ። ከዚያ ወዲህ ጨርቅ ላይ እንጂ መኪና ላይ አልረጭም። መሪና ወንበር፣ የፍሬን ፔዳልና የፍሬን ዲስክ አካባቢም ዋክስ አይደርስም። ይህ የውበት ጉዳይ አይደለም፣ የሚያንሸራትት ነገር እዚያ ቦታ የለውም።

ውሃ ዶቃ ዶቃ ሆኖ ሲንከባለል ማየት ደስ ይላል። እኔም በዝናብ ቆሜ አይቻለሁ። ግን ዶቃው ብቻውን ዋክሱ አለ ወይም የለም ብሎ አይነግርም። አንዳንዴ የመንገድ ቅባት ሸፍኖት ዶቃው ይጠፋል፣ በደንብ ስትታጠብ ይመለሳል። ታጥባም ውሃው እንደ አንሶላ ተኝቶ ከቀረ ያን ጊዜ እቀባለሁ። ዶቃው ፀሐይ ላይ ሲደርቅ ደግሞ የኖራ ነጠብጣብ ይተዋል። ዋክስ ስላለ ማድረቅ አይቀርም።

ክረምት እዚህ ጨው ነው። በረዶ ከመጣሉ በፊት አስፋልቱ ላይ የጨው ውሃ ያፈሳሉ፣ ነጭ ነጭ መስመር ሆኖ ይታያል። ዋክሱ ጎኗ ላይ ጨው እንዳይጣበቅ ይረዳል፣ ሥሯን ግን አይደርስላትም። እሷን ከታች በውሃ ማስመታት ግድ ነው። በነገራችን ላይ ጠርሙሱን ክረምት ኋላ ሻንጣ ውስጥ አትተዉት። የእኔ ጥር ላይ ቀዘቀዘና ሲቀልጥ እንደ ተቋጠረ ወተት ሆነ። ምንም ብነቀንቀው አልተመለሰም።

ሚያዝያ ሲገባ ደግሞ የአበባ ብናኝ ከተማውን ቢጫ ያደርገዋል። ያኔ ነው ለመጥረግ እጅ የሚያሳክከው። በደረቁ አይነካም፣ በውሃ ይወርዳል። የወፍ ኩስም እንዲሁ። አሲድነት አለው፣ ፀሐይ ላይ ቀለሙን ቶሎ ይበላዋል። ዋክስ የሚሰጠው ጥቂት ሰዓት ነው። እርጥብ ጨርቅ ለ5 ደቂቃ ደፍቼበት፣ ሲላላ ሳላሽ ወደ ላይ አነሳዋለሁ።

አምና አዲስ አበባ ስሄድ ለታናሽ ወንድሜ አንድ ጠርሙስ ስፕሬይ ዋክስና 10 ማይክሮፋይበር ይዤለት ሄድኩ። ብርማ ቪትዝ አለችው። በየማለዳው በደረቅ ጨርቅ አቧራዋን እየጠረገ ነበር የሚወጣው። ፀሐይ ላይ አቁመን የስልኬን መብራት አበራሁለት፣ ጋሼ እንዳሳዩኝ። ብርማ ቀለም ብዙ ይደብቃል፣ ጭረቱ ግን ነበረ። ዝም ብሎ አየው። ላቫጆ የሚሄደው በሳምንት አንዴ ነው፣ በመሃል ውሃም ሁልጊዜ አይገኝም። ስለዚህ በአንድ ባልዲ የማጠቡን ነገር አሳየሁት። አቧራው ሲበዛ ሳይነኩ መተው እንደሚሻልም ተነጋገርን። ከዚያ ግማሽ ቀን ተቀምጠን መኪናዋን ክፍል በክፍል በየተራ ቀባናት።

ከ3 ወር በኋላ ደወለልኝ። «ወንድም ጋሼ፣ የሚመጣ ሰው ካለ ላክልኝ» አለኝ። ዋክሱ አለቀ እንዴ አልኩት። «እሱ ግማሹም አላለቀ» አለኝ። «ጨርቁን ነው የምፈልገው።»