የእንጅባራን ጥቁር ድንጋይ ለቤተ ሙከራ ያዘጋጀሁት እንዲህ ነው

የሁለተኛ ዲግሪ ጥናቴን የሠራሁት በጎጃም አልካላይን ባዝልቶች (ከእሳተ ገሞራ የወጡ ጥቁር ድንጋዮች) ላይ ነው። አልካላይን የሚባለው ድንጋይ ከሲሊካው መጠን አንጻር ሶዲየምና ፖታሲየም የበዛበት ነው። ችግሩ እነዚህ ሁለቱ በውሃ በቀላሉ ታጥበው መሄዳቸው ነው። እንጅባራ ያለችበትን የአዊን ክረምት ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል። ውሃ የበላው ድንጋይ ወደ ቤተ ሙከራ ከተላከ ቁጥሩ የማግማውን (ድንጋዩ የተሠራበትን የቀለጠ ዐለት) ታሪክ አይናገርም።

ስለዚህ ብዙ የደከምኩት ናሙና መረጣው ላይ ነው። እዚህ ላይ የረዱኝ ድንጋይ ጠራቢዎች ናቸው። አንዱ «ወንድምዓለም፣ የሚጮኸውን ያዝ፤ ድምፁ የታፈነውን ተወው» አለኝ። ልክ ነበር። ያልተነካ ባዝልት በመዶሻ ሲመታ እንደ ደወል ይጮኻል። ቡናማውን ቅርፊት ጥቁሩ እስኪወጣ ድረስ አነሳሁ። ቀዳዳዎቹ በነጭ ማዕድን የተሞሉትን ተውኩ፤ በኋላ የገባ ካልሲየምና ሶዲየም ይዘዋል።

ዘንገና ሐይቅ ባለበት በእንጅባራ አካባቢ የሚገኘው ባዝልት ሌላ ጉድ አለው። አንዱን ስሰነጥቀው ጥቁሩ መሃል ላይ አረንጓዴ እብጠት ብቅ አለ። በማጉያ መነጽር ሳየው ስኳር የሚያካክል የኦሊቪን (አረንጓዴ ማዕድን) ፍሬ፣ በመካከሉ ፓይሮክሲን የሚባል ጥቋቁር ማዕድን። ፔሪዶታይት የሚባል ድንጋይ ነው፤ ከማንትል (ከምድር ቅርፊት በታች ካለው ንብርብር) ተቦጭቆ የመጣ። እንዲህ ያለ ከባድ ቁራጭ ሳይሰምጥ እዚህ ከደረሰ፣ ማግማው መንገድ ላይ ብዙ ሳይቆም በፍጥነት ወጥቷል ማለት ነው። እጅግ ደስ ብሎኛል! ግን ከመፍጨቴ በፊት እየለቀምኩ አወጣሁት። አለበለዚያ የባዝልቱን ማግኒዚየምና ኒኬል ከፍ ያደርጋል። የፈጨሁትም በአጌት (ጠንካራ የሲሊካ ድንጋይ) ወፍጮ ነው፤ የተንግስተን ካርባይድ ወፍጮ ኮባልትና ታንታለም ይጨምራል።

ውጤቱ ሲመጣ ሶዲየምና ፖታሲየሙን ብቻ አላመንኩም። ውሃ እምብዛም የማያንቀሳቅሳቸውን ኒዮቢየም፣ ዚርኮኒየምና ኢትሪየም የተባሉ ንጥረ ነገሮች ጎን ለጎን አየሁ። ማንትል በጥቂቱ ሲቀልጥ ኒዮቢየምና ላንታነም ቀድመው ወደ ቅላጩ ይገባሉ፤ ቅላጩ ትንሽ ስለሆነም ይከማቹበታል። ጋርኔት የሚባለው ማዕድን ባለበት ጥልቀት ከቀለጠ ደግሞ ኢተርቢየም የተባለው ንጥረ ነገር ጋርኔቱ ውስጥ ይቀራል። የላንታነምና የኢተርቢየም ንጽጽር የሚጠቅመው ለዚህ ነው። ናሙናዎቹን በዕድሜም መለየት ያስፈልጋል፦ የጮቄ ተራራ እሳተ ገሞራ የዛሬ 22 ሚሊዮን ዓመት ገደማ፣ ከሥሩ ያለው ሰፊው ባዝልት 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ፣ የእንጅባራው ደግሞ ከሁሉም በጣም ወጣት ነው። ሦስቱን አንድ ላይ ደምሮ «የጎጃም ባዝልት» ማለት ትልቅ ስህተት ይመስለኛል።

ሁለቱ መንገዶች፣ ማለትም ሶዲየምና ፖታሲየሙ በአንድ በኩል፣ ውሃ የማያንቀሳቅሳቸው ንጥረ ነገሮች በሌላ በኩል፣ የተለያየ መልስ የሰጡባቸውን ናሙናዎች ከስሌቱ አወጣኋቸው። አልጣልኳቸውም ግን፤ ዝናብ ባዝልትን ምን እንደሚያደርገው ለሚያጠና ሰው ጥሩ ናሙና ናቸው።