የዲኮራው ሣጥንና የጣና ታንኳ

ሚኒሶታ የምትኖረው ታላቅ እህቴ ባለፈው ክረምት ወደ አዮዋ ግዛት ተጉዛ፣ ዲኮራ በምትባል ትንሽ ከተማ ያየችውን የእንጨት ሣጥን ፎቶ አንሥታ ላከችልኝ። ሣጥኑ በአበባና በሐረግ ሥዕል ያጌጠ ሲሆን፣ ፊቱ ላይ የባለቤቱ ስምና ዓመተ ምሕረት ተጽፎበታል። የኖርዌይ ገበሬዎች ወደ አሜሪካ ሲሰደዱ ልብሳቸውን ይዘው የተሻገሩት በእንዲህ ያለ ሣጥን ነበር።

የሚገኘው ቬስተርሃይም በተባለው የኖርዌይ አሜሪካውያን ሙዚየም ነው፤ ስሙ «የምዕራብ ቤት» እንደ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1825 ሬስቶራሲዮን የተባለች አነስተኛ መርከብ 52 ሰዎችን ይዛ ከስታቫንገር ከተነሣች በኋላ፣ በቀጣዮቹ 100 ዓመታት ከ800 ሺህ በላይ ኖርዌያውያን ወደ ሰሜን አሜሪካ ተሰደዋል። እኔን እጅግ የሚያስደንቀኝ ግን የሙዚየሙ ስብስብ በዚያው ከተማ ባለው ሉተር ኮሌጅ የተጀመረበት ዘመን ነው፦ በ1877፣ ማለትም ሣጥኑ ገና በየቤቱ እህልና ልብስ ይቀመጥበት በነበረበት ጊዜ፣ አንድ ቀን እንደሚጠፋ አስቀድሞ ያሰበ ሰው ነበር።

ከ1967 ጀምሮ ደግሞ ሙዚየሙ ሮዝማሊንግ የሚባለውን የአበባ ሥዕል ከኖርዌይ በመጡ ባለሙያዎች ያስተምር ጀመር፤ ቀጥሎም እንጨት ቀረጻና ሽመና ተጨመሩ። የአያቶቹን ቋንቋ የማያውቅ የልጅ ልጅ የአያቶቹን ብሩሽ ለመያዝ በቃ ማለት ነው።

ይህን ሳነብ ያሰብኩት ከቤታችን አጠገብ ያለውን የደንገል ታንኳ ነው። ኖርዌያዊው አሳሽ ቶር ሄየርዳል በ1969 አትላንቲክን ለመሻገር የተነሣባትን ራ የተባለች ጀልባ ያሠራው ከጣና በተቆረጠ ደንገል መሆኑን እዚህ የሚያስታውስ ጥቂት ነው። ታንኳ ውኃ ስለሚጠጣ ከሐይቁ ወጥቶ ካልደረቀ አይቆይም፤ ቢደርቅም በወራት ውስጥ ይበሰብሳል። እንደ ሣጥኑ ለመቶ ዓመት አስቀምጠን ልናሳየው የምንችለው ዕቃ አይደለም፤ የሚኖረው ደንገሉን አስተካክሎ በሚያስረው ሰው እጅ ውስጥ ብቻ ነው። ስለዚህ ባሕር ዳር የሚያስፈልጋት የታንኳ ማሳያ ክፍል ሳይሆን የታንኳ መማሪያ ነው ብዬ አምናለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ በሐይቁ ዳር ታንኳ ሲያስሩ ያገኘኋቸውን አንድ አዛውንት፣ «አባባ፣ ልጆች ቢመጡ ያስተምሯቸዋል?» ብዬ ጠየቅኋቸው። እጃቸውን ከሥራው ሳያነሡ፣ «ደንገሉን አብረውኝ ይጨዱ እንጂ፣ ማሰሩን አሳያቸዋለሁ» አሉኝ። በሚቀጥለው ቅዳሜ የሁለት ጎረቤቶቼን ልጆች ይዤ እሄዳለሁ።