በሁዳዴ ቅቤ ማን ይገዛል?

ጎንደር ውስጥ ለአምስት ዓመት ያህል ለድሃ ብድር ሳበድር ኖሬያለሁ። ገንዘቡ የኔ አይደለም፣ የተቋም ነው። መጀመሪያ የብድር ባለሙያ ነበርኩ፣ በኋላ የአንዲት ትንሽ ቅርንጫፍ ኃላፊ ሆንኩ። ስረከባት ቅርንጫፏ ወጪዋን አትችልም ነበር። በየሩብ ዓመቱ ግምገማ ላይ አንገቴን ደፍቼ እቀመጣለሁ።

ሰው ሁሉ «ድሃ አይመልስም» ይላል። ውሸት ነው፣ ድሃ ይመልሳል። እኛን ያከሰረን ክፍያ ለመሰብሰብ የምንሳፈርበት ባጃጅ ነው።

እስቲ ሒሳቡን አብረን እንስራው። 5,000 ብር በ18 በመቶ ወለድ ለአንድ ዓመት አበደርኩ እንበል። ተበዳሪዋ በየወሩ ትከፍላለች፣ ወለዱም በቀሪው ዕዳ ላይ ነው የሚታሰበው። ዓመቱ ሲያልቅ በእጄ የሚገባው ወለድ 900 ብር ይመስላችኋል። አይደለም፣ ዋናው ገንዘብ በየወሩ ስለሚቀንስ 500 ብር ገደማ ነው። ያበደርኩት ደግሞ ሌሎች ሰዎች የቆጠቡትን ነው፤ ለነሱ 7 በመቶ ስከፍል 195 ብር ያህል ይሄዳል። 305 ብር ቀረኝ። 12 ጊዜ ለመሰብሰብ ከሄድኩ ለአንድ ጉዞ 25 ብር ደረሰኝ ማለት ነው። ደመወዝ፣ የቤት ኪራይ፣ ደረሰኝ፣ ተበልቶ ለሚቀረው ብድር የሚያዝ መጠባበቂያ፣ ሁሉም ከዚችው 25 ብር ነው። ባጃጁም።

50,000 ብር ለወሰደ ባለሱቅም ጉዞው ያው ነው። እሱ ጋ ግን ለአንድ ጉዞ 250 ብር ይተርፋል። አበዳሪዎች ቀስ በቀስ ከድሃው ሸሽተው ወደ ባለሱቁ ለምን እንደሚያዘነብሉ ያኔ ገባኝ። ክፉ ስለሆኑ አይደለም፣ ሒሳቡ ይገፋቸዋል።

አንድ ቀላል መውጫ ነበር። ወለዱን እስከ መጨረሻው ድረስ በመጀመሪያው 5,000 ብር ላይ ማሰብ። ያኔ 900 ብሩ ይገኛል። ወረቀቱ ላይ 18 በመቶ ይባላል፣ ተበዳሪዋ የምትከፍለው ግን ከ30 በመቶ በላይ ነው። «ከአራጣ ይሻላል» የሚሉ የስራ ባልደረቦች ነበሩኝ። እውነታቸውን ነው፣ በወር ከመቶ 10 ብር የሚቆጥር አራጣ አበዳሪ ሞልቷል። ቢሆንም ማንበብ የማትችል ሴት ጣቷን ቀለም ነክራ ከፈረመች በኋላ እንዲህ ያለ ጨዋታ አልዋጥልህ አለኝ።

ስለዚህ ደብተር ገዛሁ። ባለሙያዎቹ በቀን ምን እንደሰሩ፣ የት እንደሄዱ፣ ስንት ሰዓት እንደፈጀባቸው ለአንድ ወር ጻፉ። መጀመሪያ አጉረመረሙ፣ ስለላ መሰላቸው። ወሩ አልቆ ስናየው ጊዜው የሚያልቀው ብድር በመስጠት አልነበረም። የዘገየ ክፍያ በመከተል ነው።

ለምን ይዘገያል? መልሱን ያገኘሁት ቅዳሜ ገበያ ነው። ቅቤ የሚሸጡ አንድ እናት ሁለት ወር አሳልፈውብን ስለነበር ራሴ ሄድኩ። ቅቤው በቅጠል ተጠቅልሎ ፊታቸው ተደርድሯል፣ ገዢ ግን የለም።

«እንዴት ዋሉ እትዬ? ክፍያው ዘገየብን እኮ» አልኳቸው።

ቀና ብለው አዩኝና ሳቁ። «የኔ ልጅ፣ በሁዳዴ ቅቤ ማን ይገዛል? ይህን ወረቀት የጻፈው ሰው አይጾምም እንዴ?»

ወረቀቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። እጾማለሁም። 12 እኩል ወር ከፋፍዬ ስጽፍ 55 ቀን ቅቤ እንደማይነካ አስቤ አላውቅም። ለደምቢያ ነጭ ሽንኩርት አምራቹም፣ ጤፉን አጭዶ ሳይወቃ ክፈል ለምንለው ገበሬም ያው ነበር ያደረግነው።

የክፍያ ቀኑን በገቢያቸው ልክ ቀየርነው። ለቅቤ ነጋዴ በጾም ወለዱን ብቻ፣ ከፋሲካ በኋላ ዋናውን። ለገበሬው ከጥር ጀምሮ። አለቆቼን ለማሳመን ብዙ ደጅ ጠናሁ፣ እሱን ልዝለለው። ቀጥሎ ቤት ለቤት መዞሩን ቀነስንና ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያው ዳር ጠረጴዛና ጃንጥላ ይዘን ተቀመጥን። ቀድሞ በሳምንት የምንዞርባቸውን ሰዎች በግማሽ ቀን ማግኘት ጀመርን። ያልጠበቅኩት ደግሞ ቁጠባው ነው። ሸጠው ሲጨርሱ «ይችን ያዝልኝ» እያሉ 50ም 100ም ያስቀምጣሉ።

ያበላሸሁትም አለ። ቁጥራችን እንዲያምር አሮጌውን ዕዳ በአዲስ ብድር እንዘጋ ነበር። ሪፖርቱ ላይ ሁሉም ከፍሏል፣ መሬት ላይ ግን ዕዳው አብጧል። ይህን ሳቆም ውዝፉ በአንዴ ፈንድቶ ወጣ፣ ግምገማው ላይም ተቀጠቀጥኩ። አምስት ተበዳሪዎች አንዱ ለሌላው ዋስ የሚሆኑበት የቡድን ዋስትናም እንደሚወራለት አይደለም። ከአምስቱ አንዱ ሲጠፋ አራቱ ይከፍሉለታል የሚባለው ለአንድ ሁለት ወር ነው፣ ከዚያ እነሱም ይተዋሉ።

ከሁለት ዓመት በኋላ ቅርንጫፏ በወረቀት ወጪዋን ቻለች። በወረቀት ያልኩት በምክንያት ነው። በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር። በ18 በመቶ ያበደርከው ብር ሙሉውን ቢመለስም የሚገዛው ቅቤ አንሷል። ይህን የሚፈታ የክፍያ ቀን አላገኘሁም።

ልለቅ ስል ቅቤ ነጋዴዋ ሦስተኛ ብድራቸውን ጨርሰው ነበር። ሒሳቤን ስለማውቅ 20,000 ውሰዱ ብዬ ወተወትኳቸው። ለኛ የሚያዋጣው እሱ ነበር።

«ምን ላደርገው?» አሉኝ። «የምሸከመው አንድ እንስራ ቅቤ ነው። 6,000 ስጠኝ።»

6,000 ጻፍኩላቸው።