ደንገጎን በአጎቴ ላንድሮቨር

የአጎቴ ሚስት፣ እትዬ የምላት፣ በ2011 ዓ.ም. የካቲት ላይ ከድሬዳዋ ደወለችልኝ። አጎቴ ካረፈ ሁለት ዓመት አልፎት ነበር። «ላንድሮቨሩን የሚገዛ ሰው መጥቷል። ቆራርጦ ለብረት ሊሸጠው ነው። የምትወስደው ከሆነ ና ውሰደው፤ ካልሆነም ልስጠው» አለችኝ። ልጅ ሆኜ ክረምቱን ድሬ ሳሳልፍ እንቅልፍ የሚወስደኝ እዚያ መኪና የኋላ ወንበር ላይ ነበር። በሳምንቱ ሄድኩ።

አዲሱ ባቡር መንገደኛ መጫን ከጀመረ ያኔ ገና ዓመት ቢሆነው ነበር። በፉሪ ለቡ ጣቢያ ተሳፍሬ አዳማን፣ የመተሐራን ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ የበሰቃን ሐይቅና አዋሽን አልፌ ከሰዓት በኋላ ድሬ ደረስኩ። ጣቢያው ከከተማው ወጣ ብሎ ስለተሠራ እስከ ገንደ ቆሬ በባጃጅ ነው የገባሁት። ነፋሱ የምጣድ ወላፈን ነበር።

መኪናው ግቢው ውስጥ ከኒሙ ዛፍ ሥር ቆሟል። ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ 109 ኢንች የሚረዝመው ሲሪስ 3 ነው። ይህ ዓይነቱ ላንድሮቨር ከ1971 እስከ 1985 እ.ኤ.አ. ሲመረት የነበረ ነው። ጎማዎቹ ተንፍሰዋል፣ አረንጓዴ ቀለሙ በፀሐይ ነጥቷል፤ አካሉ ግን ያን ያህል አልተጎዳም። በመዳፌ አቧራውን ስጠርገው ከሥሩ ያለው ብረት ልስልስ ነው። ደስ አለኝ። ቀለም ቀብቼ፣ ሞተሩን አሠርቼ በሁለት ሳምንት አዲስ አበባ የምገባ መሰለኝ።

ላንድሮቨር ሰውን የሚያታልለው እዚህ ላይ ነው። ላዩ ብረት አይደለም፤ አሉሚኒየም ነው። በ1948 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ሲሠራ እንግሊዝ ከጦርነት ወጥታ ብረት በራሽን ነበር የሚታደለው፤ ስለዚህ አካሉን በአሉሚኒየም ሠሩት። ማግኔት ብታስጠጋበት አይዘውም፤ ቀይ ዝገትም አያውቀውም። መኪናውን የሚሸከመው ሻንሲ ግን ላሜራ ተበይዶ እንደ ሣጥን የተዘጋ ብረት ነው። አጎቴ ደግሞ ለብዙ ዓመታት ጅቡቲ ሲመላለስበት ኖሯል። የባሕሩ ጨው ከጭቃ ጋር በየቀዳዳው እየገባ ሣጥኑ ውስጥ ይቀመጣል፤ መውጫ የለውም። ዝገቱ የሚነሳው ከውስጥ ነው። ውጭ ያለው ቀለም እስከ መጨረሻው ቀን ድረስ ደህና መስሎ ይታያል።

ይህን የነገሩኝ እትዬ ልካ ያስጠራቻቸው አንድ አዛውንት ናቸው። ከልጅነታቸው ጀምሮ ባቡር ጋራዥ ውስጥ የሠሩ በያጅ ናቸው፤ ሰፈሩ ሁሉ ጋሼ ይላቸዋል። ድሬ ላይ አንቱታ ብዙም አይወደድም፤ እሳቸውም በመጀመሪያው ቀን «አንተ በለኝ አቦ፣ ባዳ አታድርገኝ» አሉኝ። አምስት ወር አብሬያቸው ስሠራ ግን አንድ ቀንም አልወጣልኝም።

ያን ቀን መሣሪያ ብለው የያዙት ከኪሳቸው ያወጧትን ትንሽ መዶሻ ብቻ ነው። ከመኪናው ሥር ማዳበሪያ አንጥፈው ገቡና ከፊት ጀምረው ሻንሲውን መምታት ጀመሩ። ጠቅ ያደርጋሉ፣ ያዳምጣሉ፣ ጠቅ ያደርጋሉ። ወጣት ሳሉ ባቡር ሲቆም የየፉርጎውን ጎማ እንዲህ እየመቱ ነበር የሚመረምሩት። ደህናው ጎማ እንደ ቃጭል ይጮኻል፤ የተሰነጠቀው ድምፁ ይታፈናል። «ይሄ ደህና ነው። ይሄም ደህና ነው። ይሄ ታሟል» ይላሉ ከሥር። ወደ ኋላ ሲደርሱ የመዶሻው ድምፅ ቀረ። ጎንበስ ብዬ ሳይ መዶሻዋ ብረቱን በስታ ገብታለች፤ ከቀዳዳው ቀይ አፈር ደረታቸው ላይ ይፈስሳል።

የሞተው የኋላው ማገር ነበር፤ ከእሱም ሌላ ከሻንሲው ወደ ጎን ወጥተው አካሉን የሚሸከሙት ሁለት ክንዶች። ስንት እንደሚያስከፍሉኝ ጠየቅኳቸው። «እኔ አልሠራልህም» አሉኝ። «ይሄ ዓይን ዕድሜ ልኩን ብልጭታ ሲያይ የኖረ ነው፤ ከእንግዲህ በቃኝ ብሏል። አንተ ትሠራለህ፣ እኔ እሰማለሁ።»

የመሥሪያ ቤቴን ፈቃድ አስረዘምኩና ድሬ ቀረሁ።

የድሬ የሥራ ሰዓት እንደ አዲስ አበባ አይደለም። ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት እስከ ረፋዱ አራት ሰዓት ሠርተን እናቆማለን። ከቀትር በኋላ ከተማው ጥላ ውስጥ ይገባል፤ ሱቁ ይዘጋል፣ ሰው ይቅማል ወይ ይተኛል፣ ከዚራ በሚባለው ሰፈር ያሉት ቀጥ ያሉ ጎዳናዎች ባዶ ይሆናሉ። ማታ አንድ ሰዓት ላይ እንደገና እንጀምራለን። ለብየዳ ማታው ይሻላል፤ አየሩ ይቀዘቅዛል፣ መብራቱም ጉልበት ያገኛል። ቀን ላይ ኃይሉ ሲወርድ የብየዳ ማሽኑ እሳቱን መያዝ ያቅተዋል።

መጀመሪያ መኪናውን እንድነካ አልፈቀዱልኝም። ሦስት ሳምንት ሙሉ የሁለት ሚሊ ሜትር ላሜራ ቁርጥራጭ ነው የበየድኩት። 6013 የሚባለውን የ2.5 ሚሊ ሜትር ኤሌክትሮድ፣ እየቀለጠ የሚበይደውን ዘንግ፣ ሰጡኝ፤ ማሽኑን 70 አምፔር ላይ አደረጉት። ኤሌክትሮዱን እንደ ክብሪት ጭረህ ታነሳዋለህ፤ ብዙ ካነሳኸው እሳቱ ይጠፋል፣ ካላነሳኸው ይጣበቃል። የኔ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሁሉ ተጣበቀ። ብረቱ የሚቀልጠው 1,500 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ስለሆነ ያቺን ጠብታ እሳት ለአፍታ አንድ ቦታ ካቆየሃት ስሱን ላሜራ ቀድዳው ታልፋለች። በጥቁሩ ማስክ ውስጥ የሚታየኝ አንድ ነጭ ነጥብ ብቻ ነው። የምሄድበትን መስመር አላየውም ነበር።

ጋሼ ያን ጊዜ በርጩማቸው ላይ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ይቀመጣሉ። ፊታቸው ወደ ግድግዳው፣ ጆሯቸው ወደኔ ነው። «ራቅክ» ይላሉ። «አሁን ቀረብክ። ፈጠንክ፣ ቀስ በል። እዚያ ላይ ቆምክ፣ ቀደድከው!» እውነትም ማስኩን ሳነሳ ቀዳዳ አገኛለሁ። ጀርባቸውን ሰጥተው እንዴት እንደሚያውቁ ግራ ገባኝ። አንድ ማታ እትዬ ሳምቡሳ ስትጠብስ ጠሩኝና ከምድጃው አጠገብ አቆሙኝ። ሳምቡሳው ዘይቱ ውስጥ ሲገባ ያ ሳይቋረጥ የሚሄደው ጥብስ ጥብስ የሚል ድምፅ፣ «ያ ነው» አሉኝ። «ኤሌክትሮዱ ከብረቱ የራሱን ውፍረት ያህል ሲርቅ እንዲህ ይላል። ሲርቅ ይንፏፏል፤ ሲቀርብ ይንተባተባል። በዓይንህ አትፈልገው።»

ከዚያ በኋላ ነጩን ነጥብ መከታተል ትቼ ማዳመጥ ያዝኩ። እጄም የተረጋጋው ያኔ ነው። ድምፁ እኩል ሲሄድ እጄ እኩል ይሄዳል፤ ድምፁ ሲሰበር እጄ ከማሰቤ በፊት ያስተካክላል። ይህን ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ይከብደኛል፤ ክራር የሚቃኝ ሰው ግን ይገባዋል ብዬ አስባለሁ።

በየቀኑ ማለቂያ ላይ የበየድኩትን ሞርሳ ላይ አስረው በትልቁ መዶሻ እስኪሰበር ይመቱታል። ያማረ የሚመስለኝ ብየዳ ሁለት ሦስት ጊዜ ሲመታ ይገነጠላል። የተሰበረውን ወደ ብርሃን አስጠግተው ያሳዩኛል፤ ውስጡ ጥቁር ነጠብጣብ ካለው የኤሌክትሮዱ ቅርፊት ገብቶበታል፣ አንዱ ጠርዝ እንደ ጥንቱ ቀጥ ብሎ ከታየ ብረቱ ጭራሽ አልቀለጠም፣ ከላይ ተለጥፎ ነው የነበረው። በአራተኛው ሳምንት አንዱን ሰባት ጊዜ መቱት። የታጠፈው ላሜራው ነው፤ ብየዳው አልተሰበረም። ምንም አላሉም። ያን ቁራጭ ግን አልጣሉትም፤ መስኮቱ ላይ አስቀመጡት።

በዚያው ሰሞን ዓይኔን ተመታሁ። ጎረቤት ጋራዥ አንዱ በር ሲበይድ ያለ ማስክ ቆሜ አየሁት፤ ብዙም አልቆየሁም። ለጊዜው ምንም አልተሰማኝም። ሌሊት ስድስት ሰዓት ገደማ ዓይኔ ውስጥ አሸዋ የተበተነ ያህል ሆኖ ነቃሁ፤ እንባዬ አይቆምም፣ ሻማ እንኳ ማየት አልቻልኩም። እትዬ ቀዝቃዛ ጨርቅ እየቀያየረች አነጋችልኝ። ሕመሙ በማግስቱ ማታ ለቀቀኝ። ጋሼ ሲቆጡ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። «የኔ ዓይን ያለቀው በትልቅ አደጋ አይደለም» አሉኝ። «እንዲህ እንዲህ እያለ ነው።»

መኪናው ላይ ከመጀመራችን በፊት ባትሪው ተነቀለ። ከወንበሩ ሥር ያለው ሰልባትዮም፣ የነዳጅ ታንኩ፣ ወጥቶ ግቢው ጥግ ተቀመጠ። ባዶ ነው ብዬ ነበር፤ ባዶው ከሙሉው የባሰ መሆኑን ያወቅኩት ያኔ ነው፤ የሚፈነዳው የቀረው ትነት ነው። ዚንክ የተቀባ ላሜራ ገዝቼ ስመጣም ዚንኩን በግራይንደር ካልፋቅኩት አላስበይድም አሉ፤ ጭሱ ሰው ላይ እንደ ወባ ያለ ትኩሳት ያወርዳል።

የበሰበሰውን ከመቁረጣችን በፊት ሻንሲውን በኤል ብረት ከዳር ዳር አሰርነው፤ ሲቆረጥ እንዳይዞር። ከፊት ግራ የባሌስትራ መያዣ እስከ ኋላ ቀኝ፣ ከፊት ቀኝ እስከ ኋላ ግራ ለካንና ቁጥሩን በጠመኔ ግድግዳው ላይ ጻፍነው። ሁለቱ እኩል ካልሆኑ መኪናው ዕድሜውን ሙሉ በጎን ይሄዳል። ከዚያ ንጹሕ ብረት እስክናገኝ ቆረጥን። እኔ ከአንድ ስንዝር የማያልፍ መስሎኝ ነበር፤ ሁለት ክንድ ሆነ። ከውስጡ የወጣው የጨው ቅርፊትና ጭቃ ሁለት ባልዲ ሞላ። አጎቴ ከጅቡቲ ይዞት የመጣው ባሕር ነው ብዬ ለእትዬ ሳሳያት ዝም ብላ አየችው።

አዲሱን ማገር በፑንታ፣ በነጥብ በነጥብ፣ አራት ማዕዘኑ ላይ ያዝኩት። ደንቡ ከዚያ በኋላ እዚህ ጥቂት፣ ከማዶ ጥቂት እያልክ መዝለል ነው፤ ብረት ሲቀዘቅዝ ይሳባልና። ያን ማታ ድምፁ በጣም አማረልኝ። ጋሼ ለሶላት ወጥተው ነበር። ሳላቆም አንዱን ጎን ከዳር እስከ ዳር ሄድኩበት። ጠዋት ሜትሩን ስንዘረጋ አንዱ ሰያፍ ከሌላው ስምንት ሚሊ ሜትር ይበልጣል። ብየዳው ራሱ በሕይወቴ ከሠራሁት ሁሉ ያማረው ነበር፤ በገዛ እጄ በግራይንደር ከፈትኩት። ሦስት ቀን ፈጀብኝ። በሁለተኛው ሙከራ ልዩነቱ ሁለት ሚሊ ሜትር ሆነ፤ ጋሼ ግድግዳው ላይ ያለውን ጠመኔ በእጃቸው አጠፉት።

ለሐምሌ ገብርኤል ሳምንት ሲቀረው ድሬን ለቀቅኩ። የፈረንሳዮቹ ሐዲድ በ1902 እ.ኤ.አ. እዚህ ሲደርስ ሐረር ሊወጣ ነበር የታሰበው፤ ተራራው አስፈራና ከሥሩ ቆመ፤ ከተማይቱም በዚያ ምክንያት ተወለደች። ባቡሩ የፈራው ዳገት፣ ደንገጎ፣ ከፊቴ ነበር። ከ1,200 ሜትር ገደማ ተነስቶ ከ2,000 ሜትር በላይ ይወጣል። ላንድሮቨሩ በሁለተኛ ማርሽ እያቃሰተ ይወጣ ጀመር። ሲኖትራክ ቀደመኝ፣ ሚኒባስ ቀደመኝ፣ ባጃጅ ሳይቀር ቀደመኝ። ሬዲዮ የለውም፤ ቢኖረውም አልከፍተውም ነበር። በየጠመዝማዛው የማዳምጠው ከኋላዬ ያለውን ነው። ጎማው ጉድጓድ ሲገባ አካሉ ይንቋቋል፣ ባሌስትራው ይጮኻል፤ እነሱን አውቃቸዋለሁ። የማላውቀው ድምፅ እንዳይመጣ ነበር ጭንቀቴ። አልመጣም። ደንገጎ መገንጠያው ላይ የሐረሩን መንገድ በግራ ትቼ ወደ ቀኝ ዞርኩ፤ አየሩም ባንድ ጊዜ ቀዘቀዘ።

ቁልቢ ስደርስ ዝናብ ነበር። ተሳላሚ በየመንገዱ ዳር ይዘልቃል፤ ጃንጥላ የያዘ፣ ልጅ ያዘለ፣ ድንጋይ የተሸከመ። መንገዱን ለቅቄ ጭቃ ላይ አቆምኩና ጋሼ ጋ ደወልኩ።

«አስማኝ» አሉኝ፤ ሰላምታ እንኳ አልጨረስንም።

ስልኩን ድምፅ ማጉያው ላይ አድርጌ ከመኪናው ሥር ተኛሁ፤ ሲለዩኝ የሰጡኝን ትንሿን መዶሻ ይዤ ከፊት ጀመርኩ። ጠቅ። ጠቅ። አዲሱ ማገር ላይ ስደርስ ዝናቡ እየወረደ እንኳ ጮኸ፤ ቃጭል ነው። ከማዶ ዝምታ ሆነ።

«የግራውን ጥግ ድገመው» አሉ።

ደገምኩት።

«እሱ ጭቃ ይዟል። አጥበህ ነው የምትሄደው።»

እጄን ከሻንሲውና ከአካሉ መሃል አስገባሁ። ከጎማው የተፈናጠረ የቁልቢ ቀይ ጭቃ እስከ ጣቶቼ ድረስ ሞልቶታል። ከአንዲት ሻይ ቤት ባልዲ ለመንኩና ዝናቡ ላይ አጠብኩት።