ጸበልና ኪኒን

ዛሬ ደብረ ብርሃን ወዳለው መድኃኒት ቤታችን የገቡ አንዲት እናት የልጃቸውን ማዘዣ ዘርግተው፣ «ልጄ፣ ጻድቃኔ ማርያም ልወስደው ነው፤ ጸበል እየተጠመቀ ይህን ቢውጥ ይጎዳው ይሆን?» አሉኝ።

እንጦጦ ላይ የሆነውን ነገርኳቸው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ሕክምና ትምህርት ክፍል ሐኪሞች ከአጥማቂ ካህናት ጋር ተስማምተው፣ ሕሙማን ጸበላቸውን ሳይተዉ መድኃኒት የሚያገኙበትን መንገድ ከፍተዋል። ይህ ክፍል እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2003 ከቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ ስፔሻሊስት ማሠልጠን ከመጀመሩ በፊት የአእምሮ ስፔሻሊስት ለመሆን ባሕር መሻገር ግድ ነበር። ትልቅ ሥራ ነው። እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ግን ሐኪሙ ራሱ ወደ ካህኑ ደጅ መሄዱ ነው። (እኛ ነጭ ጋዋን ለባሾች ለእንዲህ ያለው መንገድ እግራችን ከባድ ነው።) ስንቱ ሕመምተኛ «ወይ ጸበሉን ወይ ኪኒኑን ምረጥ» ተብሎ መድኃኒቱን እንደጣለ እኛ መድኃኒት ቤት የምንሠራ እናውቃለን።

እናቲቱ ጋቢያቸውን እያስተካከሉ ጥቂት አሰቡ። «ካህናቱ ከተስማሙማ ጻፍልኝ፤ ለንስሐ አባታችን አሳያለሁ» አሉ። በወረቀት ላይ በትልልቁ ጻፍኩላቸው፦ ማታ ማታ አንድ፤ ሐኪሙ ሳያዝ የማይቋረጥ።