ጨርቁን ብቻ ሳይሆን ቁልፉንም እዩ

ጀርመን የምሠራው የሕፃናት ልብስ የሚራገፍበት መጋዘን ውስጥ ነው። ከፋብሪካ የመጣው ልብስ ወደ ሱቅ ከመሄዱ በፊት እኔ እፈትሸዋለሁ። ጎንደር ያሉ ዘመዶቼ ጨርቅ ስመረምር የምውል ይመስላቸዋል። ጨርቅማ ከተበላሸ ከሩቅ ያስታውቃል። ጉዱ ያለው ቁልፉ፣ ዚፑና ገመዱ ላይ ነው።

ቁልፍ በዓይን ብቻ ታይቶ አይታለፍም፤ ይጎተታል። እኛ ጋ በመሣሪያ ተይዞ በ90 ኒውተን ለ10 ሴኮንድ ይሳባል። 9 ኪሎ ያህል ተንጠለጠለበት ማለት ነው። «በዛ» የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ ይከፋኛል። ከ3 ዓመት በታች ያለ ልጅ ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ ነው የሚወስደው። የተነቀለች ቁልፍ ትንፋሹን ልትዘጋው ትችላለች። የተንጠለጠለ ክር ከልክ ካላለፈ ይታለፋል። የምትነቀል ቁልፍ ግን አንዲት ብትገኝ ጭነቱ በሙሉ ይቆማል።

ተመትቶ የሚገጠም የብረት ቁልፍ ሲሆን በጣቴ ላዞረው እሞክራለሁ። ከዞረ በደንብ አልተመታም። ከልክ በላይ ከተመታም ጨርቁን ከስር ይበጣዋል፤ ሁለት ሦስቴ ሲታጠብ ቀዳዳ ትቶ ይወጣል። ዚፕ ከሆነ ዘግቼ ሁለቱን ወገን ወደ ጎን እስባለሁ። በራሱ ተንሸራቶ ከወረደ ውድቅ ነው።

ለጥምቀት ጎንደር ሄጄ ለእህቴ ሴት ልጅ ቀሚስ፣ ለወንዱ ልጇ ደግሞ ካባ አሰፋን። ልብስ ሰፊው ቅዳሜ ገበያ አካባቢ የሚሠሩ ትልቅ ሰው ናቸው። ልንረከብ ስንል እጄ እንደለመደው ቁልፎቹን መጎተት ጀመረ።

«ምነው ልጄ፣ ልትነቅያቸው ነው እንዴ?» አሉኝ።

«አይ ጋሼ፣ ሥራዬ ሆኖብኝ ነው» ብዬ አስረዳኋቸው።

ቁልፎቹ ንቅንቅ አላሉም። በእጃቸው ሰፍተው፣ ከስር ክሩን ጠምጥመው ቋጥረውታል። ፋብሪካ ውስጥ ብዙ ጊዜ ቁልፍ የሚሰፋው በአንድ ክር፣ በሰንሰለት ስፌት ነው። ጫፉ ከተሳበ ተተርትሮ ያልቃል። የእሳቸው አንዱ ክር ቢበጠስ ሌላው ይይዘዋል። ይህን ስነግራቸው ደስ አላቸው፤ እኔም ኮራሁ።

የጀርባው ዚፕ ግን አላማረኝም። ነጩ ቀሚስ ላይ ከጥለቱ ጋር እንዲሄድ ደማቅ ቀይ አድርገውታል። ነጭ ጨርቅ በውሃ አርሼ ዚፑን ሳሸው ጨርቁ ቀላ፤ ቀለሙን ይለቃል ማለት ነው።

«ይሄንን ከሱቅ ነው የምገዛው፤ በምን አውቃለሁ?» አሉ።

እውነታቸውን ነው። ዚፑን ሲገዙ እርጥብ ነጭ ጨርቅ ይዘው እንዲሄዱ ነገርኳቸው። ወዲያው በነጭ ዚፕ ቀየሩት፤ ተጨማሪ ሳንቲም አልጠየቁም።

የወንዱ ልጅ ካባ አንገቱ ላይ የሚታሰር ገመድ ነበረው። የአውሮፓ ደረጃ ከ7 ዓመት በታች ላለ ልጅ አንገትና ቆብ ላይ ገመድ አይፈቅድም። መንሸራተቻ ላይ ሲጫወት ገመዱ ተይዞ ሊያንቀው ይችላል። ካባ የበዓል ልብስ ቢሆንም ልጅ ለብሶት መሮጡ አይቀርም። ስለዚህ ገመዱን አስወጥተን በቁልፍ አስቀየርነው። እናንተም ከአገር ቤት የልጅ ካባ ስታሰፉ ይህንን አስቀድማችሁ ንገሩ፤ ከተሰፋ በኋላ ማስቀየሩ ለሰፊውም አድካሚ ነው።